ግቢ ውስጥ የሚከብድ መሪ

ሴትዮዋ ያረጀች ትንሽ መኪናዋን እየነዳች ጋራዡ ስትገባ መካኒኩ በሆዱ «መጣች ደግሞ!» አለ። በዚህ ዓመት ሦስተኛዋ ነው።

«ወንድሜ፣ መሪው ድንጋይ ሆኖብኛል» አለችው። «መንገድ ላይስ ደህና ነው፤ ግቢ ውስጥ ነው የሚያስቸግረኝ።»

በርጩማ ቢሰጣት አልቀመጥም አለች። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሹራብ ኪሷ ውስጥ የክኒን ብልቃጥ ይንሿሿል፤ ዓይኗም ከሰዓቷ አይነቀልም።

መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ሞከረው። በአንድ ጣት ይዞራል። የመሪው ዘይት ሙሉ ነው፤ ቺንጋውም አልላላም። ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማዎቹን ሲያይ ግን ግራ ገባው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፍቀው አልቀዋል። ኪሎ ሜትሩም ካለፈው ወዲህ የጨመረው ከጋራዡ ቤቷ ደርሶ መልስ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ መኪናዋ ቆማ ነው እንዴ መሪ የሚያዞሩት?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እንቅልፍ ሲወስዳት ወጣ ብዬ የቆመችው መኪና ውስጥ ትንሽ እነዳለሁ።»

«ታዲያ ሞተሩን ያስነሱት እንጂ! ሞተር ካልተነሳ የማንም መሪ ይከብዳል።»

«አይሆንም» አለች፣ ቁልፉን እየተቀበለችው። «ድምፁን ከሰማችማ ጥያት የሄድኩ ይመስላታል።»