ጋሪ የሌላቸው የጋሪ ፈረሶች

ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ገበያ አጠገብ በነበረችው የጉዞ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ዑስማን መጀመሪያ ስልኩን አሳዩኝ፤ ቀጥለው የትኬት ማኅተሙን፤ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል። ካረጀ የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ነው። ጥድ በለበሰ ተራራ ሥር ሦስት ፈረሶችና አንድ ድንኳን ይታያሉ።

«ሐጂ፣ ወደዚህ ቦታ ሰው እንልካለን?»

«የለም። የድሮው አየር ማቀዝቀዣ የወጣበትን ቀዳዳ ነው የሸፈንኩበት። ሰው ከጠየቀሽ ግን ‹እናመቻቻለን› በይ።»

ከዚያ በፊት የፈረንጆቹና የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ደግሞ ማታ ማታ፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ወንበር ላይ ተማርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል አያባክንም። የተጻፈ ነገር እንደተጻፈው ይፈጸማል ብዬ አምን ነበር።

ቢሮው ሦስት ወንበር ነበረው። አንደኛው የስልክ አንሺዋ፣ ማለትም የእኔ ነው። ሁለተኛው የትኬት ቆራጩ። ሦስተኛው የጉዞ አቀናባሪ ወንበር ይባላል፤ ግን ተቀናብሮ የሚያውቅ ጉዞ ስላልነበረ የሐጂ ጃንጥላ ይቀመጥበታል። ዝናብ በማያውቃት ጅቡቲ ጃንጥላው ከእኔ የተሻለ ማዕረግ ነበረው። ለዓመታት በየጠዋቱ አቧራውን ስጠርግለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እቀናበት ነበር።

የእኛ ሚሊኒየም በገባ ዓመት፣ ሙቀቱ ቀለል ባለበት ወር፣ ማዳም ሶላንዥ የሚባሉ ፈረንሳዊት ገቡ። የሀራሙስ ነዋሪ ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈረስ ይጋልቡ ነበር። ትኬታቸውን ሊያራዝሙ መጥተው ሥዕሉን አዩ።

«ይኼን እፈልጋለሁ» አሉ። «ሦስት ቀን። ፈረስ፣ ድንኳን፣ ደን። የሰው ዘር ሳላይ።»

«እናመቻቻለን» አሉ ሐጂ።

ሴትዮዋ እንደወጡ ሐጂ ጃንጥላውን አንስተው ብብታቸው ሥር ያዙት። «ዘነበች፣ ነይ ተቀመጪ። ከተሳካ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ሀራሙስ በሙሉ ይመጣልናል። ካልተሳካ ጃንጥላው ይመለሳል፣ አንቺም ወደ ስልክሽ።»

ደኑ አላስቸገረኝም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ጎዳ ተራሮች ላይ፣ የዳይ ደን አለ፤ ጥዱ ቢሳሳም ጥድ ነው፤ ሌሊቱም ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ፈረስ ግን የለም። እዚያ አገር ግመልና አህያ ነው ያለው። ስለዚህ ለሰይፉ ደወልኩ። ሰይፉ ከወደብ ዕቃ የሚጭን የድሬዳዋ ሹፌር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲወርድ መኪናው ባዶ ነው።

የምፈልገውን ቃል በቃል አነበብኩለት። መኪና የማይደነብር። እንግዳ ሰው የማይሸሽ። የማይራገጥ። ቀኑን ሙሉ ቢሄድ የማይታክት። ትእዛዝ የሚሰማ።

«አቦ ዘኒ፣ ይኼ ብቻ ነው?» አለኝ። «እንዲህ ያለው ፈረስማ ድሬ ሞልቷል!»

ደስ አለኝ። ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ እንዲህ ያለ ፈጣን መልስ አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ድንኳኑን ማዳም ቤት ወስጄ አብረን ሞከርነው። የግቢው መሬት ካስማ አልቀበል ስላለ ሳሎን ውስጥ በሶፋ እግር ላይ አሰርነው። ማዳም አንድ ሌሊት አደሩበትና ጠዋት ደወሉልኝ፤ በርዷቸዋል። የሳሎኑን አየር ማቀዝቀዣ ረስተውት ነው። ያም ሆኖ በዕቅዱ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ጨመርኩ።

ሰይፉ ሦስቱን ፈረሶች ይዞ ጠረፍ ሲደርስ ፈታሹ «ለሥጋ ናቸው?» ብሎ ጠየቀው።

«ለሽርሽር።»

«ማን ነው የሚሸራሸረው? እነሱ?»

ከተማው ውስጥ፣ አምቡሊ ወንዝ ዳር ሲያወርዳቸው እኔ ቆሜ እያንዳንዳቸውን መረመርኩ። ሚኒባስ በአጠገባቸው አለፈ፤ ጆሮም አላነቀነቁ። አንደኛው ዳማ ፈረስ ዘንቢል ይዛ ታክሲ ወደምትጠብቅ ሴት በእርጋታ ሄደና ጎኗ ቆመ። ሴትየዋ ሳቀች። እኔም «ሰው ወዳድ» ብዬ መዘገብኩ። በሙያ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ረክቼ አላውቅም።

ሰይፉ ወደብ የመጫኛ ተራው እስኪደርስ ስለሚጠብቅ በመኪናው እኛንም ፈረሶቹንም ዳይ ድረስ አደረሰን፤ ፈረሶቹንም ሊይዝልን ቆየ። መንገድ የሚመራን ዓሊ የሚባል የአፋር ሰው ነበር፤ ከሹፌሮች የለመደው ጥሩ አማርኛ አለው። ማዳም ዳማው ላይ ወጡ። በሁለቱ ላይ ድንኳንና ስንቅ ጫንን። እኔ ዕቅዴን በላስቲክ ጠቅልዬ በእግሬ ከኋላ።

ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም።

ማዳም ጎኑን በተረከዝ ነካ ነካ አደረጉት፤ በፈረንሳይኛ ለመኑት። ሰይፉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ሰይፉ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ከኋላው ካልተንኳኳ ሥራ የጀመረ አይመስለውም።»

«ምን ካልተንኳኳ?»

«ጋሪው ነዋ!»

«የቱ ጋሪ?»

«አቦ ዘኒ! መኪና የማይፈራ፣ የሰው ብዛት የማይደንቀው፣ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ፈረስ ከጋሪ ሌላ የት አለ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?»

ዓሊ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ማዳም የምንለውን እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። «ፈረሱ ሙዚቃ ይወዳል» አልኳቸው። ከዚያም ሰይፉ ድስቶቻችንን በገመድ አስሮ ከዳማው ኋላ መሬት ላይ ጣለና «ሳበው!» ብሎ ጮኸ። ፈረሱ ሄደ። ሁለቱም ተከተሉት።

ጸጥታ ፍለጋ ወደ ደን የገባነው እንዲህ ድስት እያንኳኳን ነው። የሩብ ቀን መንገድ ርቆ ያለ ወፍ ሁሉ ተነሣ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። መታጠፊያው ላይ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ዳማው ቀጥ ብሎ ሄደና ጎናቸው ቆመ። «ሳበው!» ብንለው እንቢ። አለንጋ ብናሳየው እንቢ። «አልተሳፈሩማ» አለ ሰይፉ። «ተሳፋሪ ጥሎ አይሄድም።» እናትየዋ ነገሩ የገባቸው ከሁላችን በፊት ነው። እንጨታቸውን ከድንኳኑ በላይ ጫኑና ዓሊ ደግፏቸው ማዳም ጀርባ ተፈናጠጡ፤ ወገባቸውንም አቀፉ። ፈረሱ ወዲያው ሄደ።

ወሬ በደን ውስጥ ከፈረስ ይቀድማል። እስከ ከሰዓት ድረስ በየጥዱ ሥር ሰው ቆሞ ጠበቀን። ጄሪካን ጫንን። ግልገል ጫንን። አንድ ሽማግሌ መንገዳቸው በተቃራኒው እንደሆነ እያወቁ ተሳፈሩ። ሰይፉ ነገሩን መሸሸጉን ትቶ ሰው መውረድ ሲፈልግ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ፈረሱ ይቆማል፤ ማዳም ዞር ብለው ያያሉ። በሁለተኛው ቀን «ሳበው!» የሚሉት ራሳቸው ማዳም ነበሩ፤ ሲሉት ግን ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። ድንኳኑን የተከልነው ከዕቅዱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ተሳፋሪዎቹም እራት በሉ። በሦስተኛው ቀን ማዳም ጨርሶ አላናገሩኝም።

ከተማ ስንመለስ ሐጂ «እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ሰው ነበር» አልኩ። ጥግ ያቆሙትን ጃንጥላ ተመለከቱ፤ ገና አላነሡትም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሀራሙስ ሄድኩ። ዘበኛው ማዳም ወጥተዋል አለኝ። ፀሐዩ ላይ ሚኒባስ የሚጠብቁ የአገሬ ልጆች፣ የየቤቱ ሠራተኞች፣ ቆመው ነበር፤ አጠገባቸው ቆምኩ። አንዲቱ «እህቴ፣ ማዳም ትመጣለች፣ አትድከሚ» አለችኝ።

«የትኛዋ ማዳም?»

«ያቺ ያበደችው። ከትናንት ጀምሮ ሰው ቆሞ ካየች ታቆማለች። እስክንገባ አትሄድም። ‹በእግራችን ነን› ብንላትም አትሄድም!»

ነጭ መኪና መጥቶ እግራችን ሥር ቆመ። መሪውን የያዙት ማዳም ሶላንዥ ናቸው። ልጆቹ ተሽቀዳድመው ከኋላ ሞሉ፤ ለእኔ ከፊት ያለው ወንበር ቀረ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማዳም አልተንቀሳቀሱም፤ ይጠብቃሉ። ከኋላ አንዲቱ «ሳበው!» አለች። ተነሡ።

«እግሬ በራሱ ነው ፍሬኑን የሚረግጠው» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። «ሦስት ቀን ሙሉ ለምጄ።»

«ማዳም፣ በጣም አዝናለሁ። ሰው የሌለበት ብለው ነበር...»

«ብዬ ነበር። መጥፎ ጉዞ ነበር። ድስቶቹ ተቀደዱ፣ ወገቤ ታመመ፣ ግልገሉ ኮፍያዬን በላ። ዛሬ ጠዋት ለአለቃሽ ደውዬ ይኼንኑ ነግሬዋለሁ።»

 ጃንጥላው ወደ ወንበሩ ሲመለስ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት።

«እህቴ በሚመጣው ዓመት ከሊዮን ትመጣለች» ቀጠሉ። «እሷም ሰው አትወድም። እነዚያኑ ፈረሶች እፈልጋለሁ። እነዚያኑ። ይኼንንም ነግሬዋለሁ።»

ቡላኦስ ደረስን። ለመናገር አፍሬ ቢሮውን ትንሽ አለፍነው፤ ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ማዳም ቀጥ አድርገው አቆሙ።

ቢሮ ስገባ ጃንጥላው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወንበር የተነሣሁት ጡረታ ስወጣ ነው።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ፈረስ ስትከራዩ ጠባዩን አትጠይቁ። ትናንት ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቁ።