በመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር

ቬልማ ባደገችበት የአሜሪካ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መንደር ሐሜት ድምፅ አልነበረውም። በሽመና ማሽኖቹ ጩኸት መሀል፣ እንኳን ወሬ ፉጨትም አይሰማም፤ ስለዚህ ሸማኔው ሁሉ ከንፈር አንባቢ ነበር። እናቷ አይዳ ሜ ማሽን ፊት ሃያ ዓመት ቆማ ጆሮዋ ደክሟል፤ ዓይኗ ግን ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ያለውን ጨዋታ ይለቅማል። ቬልማም አፍ ሳትፈታ አፍ ማንበብ የጀመረች ነው የሚመስለው።

የመንደሩ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው የከተማው ነው፤ የከተማው ሰው ደግሞ የፋብሪካውን ልጆች፣ ከወላጆቻቸው ፀጉር በማይጠፋው የጥጥ ብናኝ የተነሳ፣ «ጥጥ ራስ» እያለ ይንቃቸዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት ቬልማ ስምንተኛን ጨረሰች። ከተማ ካልተቀበሏት ዕድሜዋ እስኪደርስ ጠብቃ ማሽን ላይ መቆሟ ነው። አስተማሪ መሆን እንደምትመኝ የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች።

አይዳ ሜ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ልጇን ይዛ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ዊትሎው ኮሪደሩ ላይ እንዲጠብቁ ነግሯቸው ቢሮው ገባና የመስታወቱን በር ዘጋ። ጸሐፊዋን ሲያነጋግር ቬልማ ቃሉን ሁሉ ከከንፈሩ አነበበች፤ «መስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፣ ግን ለጥጥ ራስ አላባክነውም፣ ዞሮ ዞሮ ፋብሪካ ነው የምትገባው።» ቬልማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቴ አላየችም ይሆናል ብላ ቀና ስትል የአይዳ ሜ ፊት ቲማቲም መስሏል።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወጣ። «አዝናለሁ እሜቴ፣ ክፍሉ ሞልቷል።»

«መስኮቱ አጠገብ ያለውስ ወንበር?» አለች አይዳ ሜ፣ ረጋ ብላ። «ጌታዬ፣ የደከመው ጆሮዬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው። ጥጥ ራስ ሲሉም አይቻለሁ።»

ሚስተር ዊትሎው ዞር ብሎ የተከፈተውን የቢሮውን በር አየ። ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዝገቡን ሳበችና የልጅቷን ስም ጠየቀች።

መስከረም ላይ ቬልማ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለሳምንት ያህል ማንም አላናገራትም፤ እሷም አንገቷን እንደደፋች ትውላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ከፈረቃ ወጥታ፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንደተነሰነሰ፣ መንገዷን አጣምማ መጣችና ከመስኮቱ ማዶ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ታወራለች እንዴ?» አለች ከቬልማ ኋላ የተቀመጠች የከተማ ልጅ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ቬልማ ፊቷ ጋለ። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«እናቴ ናት» አለች። «ቀና በይ እያለችኝ ነው።»

ቀናም አለች።