የሾፌር ካሳ አሥራ አንድ ጥላዎች

በሾላ ገብርኤል ዕቃ ቤት ከተሰቀሉት የስለት ጥላዎች አሥራ አንዱን ያስገባው አንድ ሰው ነው፤ ሾፌር ካሳ። ሌላው ምእመን በዕድሜው አንድ ጥላ ካስገባ ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ካሳ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ አስገባ፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ። አገሩም ይህን አይቶ «መንፈሳዊ ሰው» አለው። «ኧረ ይህ ሰው በሰባት ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ምን ውስጥ ገብቶ ነው ገብርኤልን የሚጣራው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ነፍስ አልነበረም። መጠየቅ ያደክማል፤ እልልታ ይቀላል።

ካሳ የዚያው የሾላ ልጅ ነው። አባቱ አራሽ ነበሩ። እሱ እርፍ በቅጡ ሳይጨብጥ ደርግ አፍሶ ወሰደውና በጦር ሠፈር የጭነት መኪና መንዳት ተማረ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከወልድያ እስከ ጋይንት በእግሩ መጣ። በመንገዱ ያለፈ መኪና ሁሉ አቧራ አልብሶታል፤ እሱም ያለፈውን ሾፌር ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ረግሟል። ካሳ በሕይወቱ ለእግረኛ ያዘነው ያኔ ብቻ ነው፤ እግረኛው ራሱ ነበራ።

ዓመታት አልፈው ጁነይዲ የሚባል የአርብ ገበያ ነጋዴ አይሱዙ ገዛና ካሳን ቀጠረው። የአይሱዙ ወንበር ከመሬት ያለው ከፍታ የአንድ ሰው ቁመት አይሞላም። ካሳ ግን እዚያ ላይ በተቀመጠ ማግስት ከታች ያለው ሁሉ ያንስበት ጀመር። ሰላምታው ክላክስ ሆነ፤ ስድቡም ክላክስ፤ ይቅርታው ግን ክላክስም አልነበረው። ጭቃ ያቆረ ጉድጓድ ካየ አይስተውም፤ በተለይ ነጭ የለበሰ ሰው በአጠገቡ ካለ። አውቶቡስን መታጠፊያ ላይ ካልቀደመ ምሳ አይበላለትም። ከፊቱ የሚመጣውን በረጅም መብራት አሳውሮ፣ «ዓይኑን ይገልጣል እንጂ!» ይላል።

በዚህ አገር «መሬት ላራሹ» ተብሎ የስንቱ ጉሮሮ ደርቋል። «መንገድ ለእግረኛው» ብሎ የጮኸ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ሰፊው ሕዝብ ከነአህያው፣ ከነዶሮው፣ ከነእህሉ ቦይ ለቦይ ወደ ገበያ ሲጓዝ፣ መንገዱን ካሳ ብቻውን ይይዘዋል። በመኪናው ግንባር ላይ «ገብርኤል ጠባቂዬ» ብሎ አስጽፏል። እግረኛው ግንባሩ ላይ ምንም የተጻፈለት ስለሌለ ራሱን በራሱ ይጠብቅ።

ከሾላ በታች ካለው መታጠፊያ ላይ 30 የሚል ክብ ምልክት ቆሟል። ካሳ ምልክቱን የሚያውቀው በስድብ ነው።

«ሠላሳ?» ይላል። «ሠላሳማ አህያም ትሄዳለች። እኔን የቀጠሩኝ መኪና እንድነዳ ነው።»

ታዲያ እንዲህ ሲነዳ አንድ ቀን ሰው ከጎማው ሥር ለጥቂት ይተርፋል። ካሳም «ገብርኤል! ጥላ አስገባለሁ!» ይላል። ሌላ ሾፌር እንዲህ ሲደርስበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካሳ ይሳላል። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣው መልአክ በስተርጅና የአይሱዙ ፍሬን ሆኖ ተቀጠረ።

ስለቱን ሲያስገባ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ተአምሩን ይመሰክራል። ተአምር በፍጥነት ልክ እንደሚያድግ ካሳ ቶሎ ነበር የገባው። በሠላሳ እየሄደ ለዳነ ሰው ማን እልል ይላል? ስለዚህ በምስክርነቱ ላይ ፍጥነቱ ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ ቀለመ ወርቅ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ክፋት የማያውቁ፣ ጥላ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። የካሳን ጥላዎች በየጊዜው ፀሐይ ያስመቷቸዋል፤ ብል እንዳይበላቸው።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ አንድ ዓርብ ጧት፣ ብርቱካን የምትባል ባልቴት አንድ ኩንታል ድንች አህያ ላይ ጭና ወደ አርብ ገበያ ትወርድ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ያላት ይህችው አህያና ይህችው ምላሷ ናት። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ክላክስ ጮኸ። እሷ ወደ ቦይ ገባች። አህያዋ ግን አህያ ናትና ልታስብበት ቆመች። የመኪናው ጎን ጭነቱን መታው፤ አህያዋ ወድቃ እዚያው ቀረች፤ ብርቱካን መጎተቻውን እንደያዘች ተስፈንጥራ ክንዷ ተሰበረ፤ ድንቹ ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ገደል ገባ።

ካሳ በመስታወት አየ። ባልቴቷ ትንቀሳቀሳለች። «ገብርኤል! ጥላ!» አለና ነዳጁን ረገጠው። ከላይ ካለው ጋር ጨርሷል፤ ከታች ካለችው ጋር ምን ያወራል?

ለታኅሣሥ ገብርኤል አሥራ አንደኛውን ጥላ ይዞ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ዘርፉ ወርቅ። «ሰማንያ ላይ ተክዬ እየበረርኩ ሳለ ባልቴት ከነአህያዋ ከፊቴ ድቅን አለች። ጠባቂዬ ከጎማዬ ሥር መንጥቆ አወጣልኝ!» አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ብርቱካን ወጌሻ ባሰረላት ክንድ እዚያው ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። እልል ለማለት እጅ አያስፈልግም፤ እሷ ግን አላለችም። ሲበተኑ መንገድ ዘግታ ያዘችው።

«አንተ፣ አህያዬንስ?»

«እኔ ከገብርኤል ጋር ጨርሻለሁ፣ እቴ።»

«አህያዋ የገብርኤል ነበረች እንዴ?»

ካሳ ነጠላውን አጣፍቶ አለፋት። እሷም በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

የክሱ ችግር ፍጥነት መለኪያ አለመኖሩ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ያለው ደብተርና ፊሽካ ብቻ ነው። ከኋላ ይመጣ የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ያየው አቧራ ነው። ካሳም «በሠላሳ እየሄድኩ አህያዋ ዘላ ገባችብኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ዐቃቤ ሕግ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቅ አለ። ካሳ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። መንጃ ፈቃዱ ከሄደ እግረኛ ሊሆን ነው። ከዚህ የከፋ ነገር ሊታየው አልቻለም፤ እስር ቤት እንኳ ቁጭ ብለው ነው።

አሰበና መላ አገኘ። ነገሩ የእሷ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ከሆነ፣ ማን ደግ ሰው እንደሆነ ለዳኛዋ ማሳየት ነው። በቀጠሮው ቀን፣ ዓርብ ጧት፣ ቄሰ ገበዝን ከነአሥራ አንዱ ጥላ በመኪናው ጭኖ አርብ ገበያ ፍርድ ቤት ደረሰ። አዳራሹን ገበያተኛው ሞልቶታል፤ ግማሹ የሾላ ሰው ነው።

ዳኛዋ ሩት ከደብረ ታቦር የመጣች ቀጭን ወጣት ናት። የጥላውን ክምር አየችና መነጽሯን አስተካከለች።

«አባቴ፣ ስለ ተከሳሹ የሚያውቁትን ይንገሩን።»

«ምን ይነገራል፣ ልጄ!» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ክፉ ሰው ቢሆን ገብርኤል አሥራ አንድ ጊዜ ይሰማው ነበር? ይኸው፣ በዓይንሽ እዪው!» ብለው ቀዩን ጥላ እዚያው ዘረጉት። ዘርፉ የጸሐፊውን ራስ ዳበሰው።

«ይህ በምን ምክንያት የገባ ነው?»

«ቀዩማ የመጀመሪያው ነው። ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ ለቀቀው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ልጄ። ፍሬኑ እምቢ አለው። ከታች ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ገብርኤል ሕዝቡን እንደ ባሕረ ኤርትራ ለሁለት ከፈለለት!»

«በስንት ይሄድ ነበር?»

«ስድሳ ነው ያለን። ስድሳ ነው አይደል ያልከን፣ ካሳ?»

ካሳ ጫማውን ተመለከተ። ዳኛዋ ጻፈች።

«ሐምራዊውስ?»

«እሱ የላቀች ቀብር ዕለት ነው። ቃሬዛ ተሸክመን ስንወጣ ከኋላችን መጣ። ተሸካሚዎቹ ክላክሱን ሲሰሙ ቃሬዛውን ጥለው ዘለሉ። አንድ ሰው አልሞተም!»

«አስከሬኑስ?»

«እሷማ ቀድማ ሞታለች። ምንም አልሆነች፤ ቀበርናት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታች። ቄሰ ገበዝ ሳቁን እንደ ምስጋና ቆጥረው ሞቅ አላቸው። ካሳ በጉም ውስጥ ሲቀድመው ቦይ የገባውን የእስቴ አውቶቡስ ተረኩ። ካሳ መሪ ላይ ተኝቶ በሰው አውድማ መካከል የነቃበትን ተረኩ። አንድ ጥላ በዘረጉ ቁጥር ካሳ ወንበሩ ላይ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጥላዎቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ የሰማው ገና ዛሬ ነው።

«ቄሰ ገበዝ፣ ይበቃል፤ ዳኛዋን አናድክማቸው» አለ በሹክሹክታ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ዋናው ቀርቷል!» አረንጓዴውን ዘረጉት። «ይኸ የብርቱካን ነው።»

«የየትኛዋ ብርቱካን?» አለች ዳኛዋ።

«የዚችው ናት እንጂ፣ እዚያ የተቀመጠችው! ሰማንያ እየበረረ ሳለ ከጎማው ሥር መንጥቆ አወጣለት። ይኸው በሕይወት አለች፤ ምስክር ሆና መጥታለች!»

ብርቱካን ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ዳኛዋ ወረቀቱን አገላበጠችና ወደ ካሳ ዞረች።

«ለፍርድ ቤቱ የሰጡት ቃል ሠላሳ ይላል። ለገብርኤል የሰጡት ሰማንያ ነው። የትኛው ነው?»

ካሳ ተነሣ። ሠላሳ ቢል በታቦት ፊት ቀጥፏል፤ አሥራ አንዱ ጥላ ተራ ጨርቅ ይሆናል፤ «መንፈሳዊ» መባሉም ይቀራል። ሰማንያ ቢል መንጃ ፈቃዱ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱን መዝኖ አንዱን በመረጠ። ግን ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣

«እንዴ! በሠላሳ ነበር እንዴ የሚነዳው? እልልታችንን ይመልስልን!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካሳ ሌላውን ሁሉ ይችል ነበር፤ ዝግተኛ መባልን ግን አልቻለም። ጆሮው ቀላ።

«ሠላሳማ አህያም ትሄዳለች!» ብሎ ጮኸ። «ካሳ በሠላሳ ነድቶ አያውቅም!»

«የኔዋ በሠላሳ የምትሄድ ብትሆን ኖሮማ» አለች ብርቱካን ከተቀመጠችበት፣ «መቼ ትደርስባት ነበር!»

ዳኛዋ ሳቋን ልትደብቅ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች። ቀና ስትል ፊቷን አደላድላለች። መንጃ ፈቃዱ እንዲነጠቅ ፈረደች፤ ካሳም ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ላስቲኩ በላብ እንደራሰ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሰባት ዓመት ለማንም መንገድ ያልለቀቀ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ቄሰ ገበዝ ከልባቸው አዘኑ። ምን እንደበላሸ አልገባቸውም።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ጥላ እያጠፉ። «ተሳል። ፈቃድህን ሲመልስልህ አሥራ ሁለተኛውን ታስገባለህ።»

«እኔም ተስያለሁ» አለች ብርቱካን። «እንዳይመልስለት። ሁለት ጥላ።»

ቄሰ ገበዝ አሰቡበት። በየትኛውም በኩል ዕቃ ቤቱ አይጎዳም። «ይስማሽ» አሏት።

ውጭ ሲወጡ አይሱዙው የለም። ጁነይዲ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ወንድሜ ካሳ» አለ፣ «የተነጠቀው ያንተ ፈቃድ ነው፤ የኔ መኪና ምን አደረገች? ለስማዳ ጨው ልጭን ሌላ ሾፌር አስገብቻለሁ።»

ስለዚህ አሥራ አንዱ ጥላ በእግር ወደ ሾላ ሊመለስ ሆነ። የሾላ ሰዎች ከገበያ ተመላሽ ናቸውና ተከፋፈሉት። ካሳ አራቱን ተሸከመ። አይሱዙ ላይ ከወጣ ወዲህ ይህን መንገድ በእግሩ ረግጦት አያውቅም፤ ጠጠሩ ከወንበር ላይ ሲታይ እንዲህ የሾለ አይመስልም ነበር። ብርቱካን አህያ ስለሌላት የገዛችውን እህል በጀርባዋ አዝላ በደህና እጇ ደግፋዋለች።

ከመታጠፊያው ሲደርሱ፣ 30 ከሚለው ምልክት አጠገብ፣ ከኋላቸው ክላክስ ጮኸ። «ገብርኤል ጠባቂዬ» ከነጨው ጭነቱ አቧራውን እየነዳ መጣ። አዲሱም ሾፌር ሠላሳን የሚያውቀው በስድብ ይመስላል። ሰዉ ሁሉ ወደ ቦይ ዘለለ። ከሁሉም ቀድሞ የዘለለው ካሳ ነበር፤ መሪ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደተቀመጠ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረማ። አራቱን ጥላ እንዳቀፈ፣ አፉ አቧራ ሞልቶት፣ ያለፈውን ሾፌር ከነዘር ማንዘሩ መርገም ጀመረ።

ብርቱካን ከጎኑ ዱብ አለች። እህሏን አስተካከለችና በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ጠጋ በል እንጂ» አለችው። «ቦዩ የሁላችንም ነው።»