በብስክሌት ወንድሜን ፍለጋ

ብስክሌቷን የገዛኋት ጎንደር አራዳ ውስጥ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እዚያው ቀርቶ ጋራዥ ከከፈተ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ። ቀለሟ ተልጦ ኮርቻዋ ተቀዷል። ፍሬኗ ሲሻው ይይዛል፣ ሲሻው ይተዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበርኩ ሰፈርተኛው "መምህር" እያለ ያከብረኝ ነበር። ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ ሱሪዬን በገመድ አስሬ ካየኝ ወዲህ ግን አክብሮቱ ቀዘቀዘ። የነፍስ አባታችን እንኳ መንገድ ላይ አስቁመው፣ "ምነው ልጄ፣ በቅሎ ጠፍቶ ነው?" አሉኝ። እኔ ግን ለማንም ሐሜት ደንታ አልነበረኝም።

የገዛኋት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ፣ ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ የቀረበት፣ ገና ጢም ሳያበቅል አኮፋዳውን አንግቶ የቤተ ክህነት ትምህርት ፍለጋ ከቤት ወጣ። አባታችን በኩር ልጁ ከከተማው ዳር ያለችንን መሬት እንዲያርስለት ነበር የሚፈልገው፤ ስለዚህ ተከታትሎ ከአንድ ገጠር ደብር አገኘውና እየገረፈ መልሶ አመጣው። ወንድሜ የጀርባው ሰንበር ሳይጠፋ እንደገና ኮበለለ። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ የሰማ የለም። ዓመታት አልፈው አባታችን ሞተ። እናቴ የለቅሶ ድንኳኑ ተነቅሎ ቤቱ ጭር ሲል ጠራችኝና፣ "እንግዲህ የሚፈራው ሰው የለም። ሂድ ፈልገህ ንገረው። ይምጣ" አለችኝ።

ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ የበዓል ቀን ሲገጥም ደግሞ ከማለዳው እነሣ ነበር። ጣሊያን የጠረገው መንገድ እስካለ ድረስ በብስክሌት፣ መንገዱ ሲያልቅ ብስክሌቷን ለአንድ ገበሬ አደራ ሰጥቼ በእግሬ። ወገራን እንዲህ አየሁት። የደምብያን መንደሮች፣ የአይከልን ገበያ፣ በየኮረብታው ላይ በጽድና በወይራ የተከበቡትን ደብሮች እንዲህ አወቅኋቸው። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው የሚወስዱት የእግር መንገዶች ሰርዶ የለበሱ ነበሩ፤ ግራና ቀኛቸውን ቀጋና አጋም ይዞታል። በነገሥታቱ ዘመን የተሠራ ድልድይ ላይ ቁጭ ብዬ ስንቄን እበላለሁ። ጣሪያው የወደቀ ግንብ ሳገኝ ዋርካ የበቀለበትን ግድግዳ እየዳሰስኩ እዞራለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ፍለጋው ባይኖርም ሰበብ ፈልጌ መሄዴ አይቀርም።

ወደ አይከል በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ብስክሌቷን ዞር ዞር እያሉ ካዩ በኋላ፣ "ሸጋ ናት። ግና ምን ትበላለች?" አሉኝ።

"ምንም አትበላም አያ።"

"እንግዲያማ ከኔ በቅሎ ትሻላለች። እሷ በልታም አትሄድ።"

ይህን ለእናቴ ስነግራት ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ፣ "ስለሱስ ምን ሰማህ?" አለችኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። የመንገዴን ወሬ ሁሉ ታዳምጥና መጨረሻ ላይ ያቺን ትጠይቀኛለች። እኔም "ገና ነው እማዬ" እላታለሁ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። በየደብሩ ስደርስ የወንድሜን ስም ጠርቼ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም አላውቅም ይለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ለፋሁ። በሆሳዕና ዋዜማ፣ ትምህርት ቤታችን ለፋሲካ ሲዘጋ፣ ወደ እንፍራንዝ ወረድኩ፤ ከጉዛራው ግንብ ራቅ ብሎ ካለ አንድ ደብር ደረስኩና ከቅጥሩ ውጭ ጥላ ሥር አረፍኩ። ተማሪዎቹ ከመንደር ለምነው ሲመለሱ ነው። "ጎጃሜው፣ ውሻው ለቀቀህ?" ይላል አንዱ። "ላስቴው፣ አኮፋዳህን አሳየና!" ይላል ሌላው። እየተሳሳቁ አጠገቤ አለፉ። አንዱም የሌላውን ስም አልጠራም። ያን ጊዜ በገዛ ራሴ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። ለካ ተማሪ ሲሆኑ ስማቸውን ቤታቸው ትተው ነው የሚወጡት፤ የሚጠራሩት ባገራቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ማንም የማያውቀውን ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

በደስታ ብድግ ብዬ ወደ መምህራቸው ጎጆ ሄድኩ። የኔታ ዓይናቸው የደከመ፣ ቀጭን አዛውንት ነበሩ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ "የኔታ፣ እዚህ ጎንደሬ የሚባል ተማሪ ነበር?" አልኳቸው።

"ቅንድቡን በቅሎ የረገጠችው?"

"እሱው ነው! ወንድሜ ነው የኔታ!"

የኔታ አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ "ቁጭ በል ልጄ" አሉኝ። ያኔ ገባኝ።

ከሐይቁ በኩል የመጣው ንዳድ ነው የገደለው፤ ያለፈው መስከረም። በዚያ ሰሞን እኔ በወገራ መስክ ውስጥ አደይ አበባ ለአደይ አበባ ብስክሌቴን እየነዳሁ አዜም ነበር። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰዱኝ። ወይራ ሥር፣ ድንጋይ የተደረደረበት መቃብር። ከጎኑ አብረውት የሞቱ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። "ድጓውን ሊጨርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ድምፁ ሸጋ ነበር፤ እሱ ሲያዜም ለእርሻ የወረደ ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ይቆም ነበር" አሉኝ።

"ምነው ሳትልኩብን?" አልኩ። ቁጣዬን መደበቅ አልቻልኩም።

"ለማን እንላክ ልጄ? የማን ልጅ ነህ ስንለው የእግዜር ልጅ ነኝ ነው መልሱ። አባቱን ይፈራ ነበር። እንዳንተ ከከተማ የመጣ ሰው ከሩቅ ባየ ቁጥር ወደ ጫካው ይገባል።"

ያኔ አባታችን ከሞተ ወራት አልፈውት ነበር እኮ! ወንድሜ ከሞተ ሰው ሲሸሽ፣ ሲደበቅ፣ በንዳድ ሲንቀጠቀጥ እንኳ አፉን ዘግቶ ሞተ። አባቴን ያን ቀን ተቆጣሁት፤ ዛሬም ቁጣዬ ጨርሶ አልበረደም።

በማግሥቱ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ጎንደር ስገባ ሰው ሁሉ ከሆሳዕና ቅዳሴ እየተመለሰ ነበር። ወደ ቤት አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ወደ አጎቴ ሄድኩ። አጎቴ የነፍስ አባታችንን አስጠራ። አለቀሱ፣ ግን በቀስታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ከዚያ የነፍስ አባታችን እንባቸውን ጠርገው ቆረጡ። "ነገ ሕማማት ነው። ፍትሐት የለም፣ ደረት አይመታም። ፋሲካዋን አናፈርስባትም። ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ እኛ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ ፊትህን አስተካክል።"

መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ አውቃለሁ። እናት ልጇ መሞቱን ብቻዋን ቆማ፣ ካንድ ሰው አፍ በድንገት አትሰማም። ያን ጊዜ ግን ወጉን ረገምኩት።

እናቴ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አሰረችልኝ። ሌላ ቀለበት በእጇ ይዛ ነበር፤ የሱ ድርሻ መሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ ሰካችው።

"ምን ሰማህ?"

"ገና ነው እማዬ።"

በሕማማት ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ዋለች። ጉልበቷን ያማት ነበርና ሰዎች "ይበቃሻል" ሲሏት፣ "የራሴን ጨርሻለሁ፤ ይሄ የልጄ ነው። መንገድ ላይ ሆኖ ያልሰገደ እንደሆነስ ማን ያውቃል?" እያለች እንደገና ግንባሯን መሬት ታስነካለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እሰግዳለሁ። ጎንበስ ስል ፊቴን የሚያየኝ ስለሌለ ስግደቱን ወደድኩት። የፋሲካ ለታ ዶሮው ሲወጣ እኔን አጎረሰችኝና ሌላ ጉርሻ ጠቅልላ፣ "ይህን ደግሞ በሱ ስም" ብላ መልሳ እኔኑ አጎረሰችኝ። እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ያውቃል።

የፋሲካ ማግሥት ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሞልታ ጠበቀችኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ቀኑ ብራ ነው፤ ምን ሰበብ ልስጥ? ብስክሌቴን ሳወጣ እስከ አጥሩ ተከተለችኝ።

"ስታገኘው እንዳትቆጣው። ምነው ቀረህ ምናምን አትበለው። ከደነገጠ ይጠፋብናል።"

"እሺ እማዬ።"

"አባትህ የለም በለው። መጀመሪያ እሱን ንገረው።"

በአዘዞ መንገድ ቁልቁል ለቀቅኳት። መገጭ ወንዝ ስደርስ ከመንገዱ ወጥቼ ሾላ ሥር ገባሁና ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ጣልኳት። ማንም አይሰማኝም ብዬ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ። ስደክም አርፋለሁ፤ እንደገና አለቅሳለሁ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ፊቴን በወንዙ ታጥቤ ተመለስኩ። "የት የት ደረስክ?" ስትለኝ ያልሄድኩበትን መንደር ስም ጠራሁላት፤ ግንብ እንዳለው፣ ሰዎቹ ደጎች እንደሆኑ አወራሁላት። እናቴ ደስ ብሏት አዳመጠችኝ። በሚቀጥለው ቀንም ሰደደችኝ፤ እኔም ያው ሾላ ሥር ዋልኩ። ዳግም ትንሣኤ እስኪያልፍ እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ሰኞ ማለዳ ገና ሳይነጋጋ የብዙ ሰው ኮቴ በአጥራችን ውስጥ ተሰማ። አጎቴ ነው የመታው በሩን። እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች ከፈተችና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማንም ሳይናገር፣ "የቱ ልጄ?" አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እንደነበር ረስታለች። አጎቴ ሲነግራት የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው።

ከለቅሶው ቀናት በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል በምልክት ጠራችኝ። ድምፅ አልነበራትም፤ ተዘግቷል። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"ሆሳዕና ለታ ስትመጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር እማዬ።"

"ስሰግድለትስ?"

"አውቅ ነበር።"

"ስንቅ ቋጥሬ ስሰድህ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም፤ እርግማኗን ጠበቅኩ። እጇን ወደ ፊቴ ሰደደችና ጉንጬን ዳሰሰችው።

"ምነው ልጄ፣" አለችኝ፣ "ያን ሁሉ ቀን ብቻህን አለቀስክ?"