የፍሪጁ ሰንበት

አባቴ ከቋሪት ወደ ፍኖተ ሰላም የመጡት ለፍሪጅ ሲሉ ነው። ስኳር እንዳለባቸው በታወቀ ጊዜ፣ በየቀኑ የሚወጉት ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት ተባለ። እሳቸው ያሉበት መንደር መብራት የለም፤ እኔ ዘንድ ፍሪጅ አለ። ስለዚህ ጥማድ በሬያቸውን ለወንድሜ አስረክበው፣ የዝንብ መከላከያ ጭራቸውንና አንድ ቅል ማር ይዘው መጡ። ማሩ ከገዛ ቀፏቸው የተቆረጠ ነው። የቅሉን አፍ በጨርቅ ሸፍነው፣ ቀንበር በሚጠፍሩበት አስተሳሰር በቀጭን ጠፍር አስረውታል። «ለእኔ ተከልክያለሁ፤ አንች ብይው» ብለው ሰጡኝ። እኔ ማር እምብዛም አልወድም። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል ብዬ ወጥ ቤት ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ያን ጊዜ የዕቃ አያያዝ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም። ፍሪጁን ከገዛሁ አራት ዓመት ሲሆነው ጀርባውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። የውሃ ማፍያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ደግሞ ወጥ በገነፈለበት ቁጥር ይጮሃል፤ እኔም አብሬው እጮሃለሁ እንጂ አልጠርገውም። ሻጩ ፍሪጁን ሲሸጥልኝ አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አትሰኪው፣ ጥቂት ደቂቃ አሳርፊው አለኝ። ከዚህ ሌላ ስለ ማሽን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከተማ ለአባቴ የምትሰጠው ሥራ አልነበራትም። ሃምሳ ዓመት ሲያርስ የኖረ ሰው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ቴሌቪዥን ያያሉ። ማለዳ ቅዳሴ፣ ከዚያ ዜና፣ ከዚያ ድራማ፣ ከዚያ ደግሞ የማይገባቸው የውጭ አገር ኳስ። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ድምፁ እስከ በር ይሰማል። እኔ በሥራ ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ቡሬ አድሬ እማራለሁ፤ ለማጥናት የሚተርፈኝ ከሥራ መልስ ያለችው ጥቂት ሰዓት ብቻ ናት። ፈተና ሲደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። አባባ ቴሌቪዥኑን ይዝጉልኝ ማለት ግን አልቻልኩም። ለእኛ አገር ልጅ አባትን እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ ስለዚህ ነውር የሌለበት የመሰለኝን መንገድ መረጥኩ፤ ዋሸሁ።

«አባባ፣ ማሽንም እንደ በሬ ነው» አልኳቸው። «ካላሳረፉት ይሞታል።»

ወዲያው ተነሥተው ዘጉት። የቴሌቪዥኑን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱና ሙቀቱ ሲሰማቸው ደነገጡ። በሬ አላግባብ ያደከመ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ሐፍረት ያን ቀን አባቴ ፊት ላይ አየሁት። ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ብለው ወቀሱኝ። እኔ ግን በብልጠቴ ተደስቼ ደብተሬን ገለጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የእኔ ውሸት ግን ወለምታ አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሥራ አገኙ። የቤቱን ማሽን ሁሉ ይጠብቁ ጀመር። ውሃ ማፍያውን ሎሚ ጨምቀውበት አፈሉና ነጩን ቅርፊት አራገፉት። የምድጃውን ሽቦ መንገድ በዶሮ ላባ ጠረጉ። ፍሪጁን ከግድግዳ ፈቀቅ አድርገው፣ በጀርባው ያለውን የአራት ዓመት አቧራ በዚያው በጭራቸው አረገፉለት። የበሩን ጎማ በሳሙና ውሃ አጠቡት። ሲያቃስት የከረመው ፍሪጅ ድምፁ ጠፋ። መሥሪያ ቤት ስሄድ፣ እናንተ ጥበቃ ትቀጥራላችሁ እኔ ለፍሪጄ ገበሬ ቀጥሬያለሁ እያልኩ አስቃለሁ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ በሬዎቻቸው ሳያወሩ መዋል ቻሉ።

አንድ እሑድ ማታ ከቡሬ ስመለስ ፍሪዘሩ ውስጥ ተጋግሮ የኖረው ውርጭ የለም። ወለሉም ገና እርጥብ ነው። ውርጩ ምን ሆነ ብዬ ብጠይቃቸው «ዐረፈ» አሉኝ። አባቴ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ይወዳሉ። ዐረፈ ማለት ሥራ አቆመም ነው፣ ሞተም ነው። ውርጩ ሞተ ማለታቸው መስሎኝ ሳቅኩ። ቅኔው ሰሙ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ በተራ ቋንቋ እንደነገሩኝ አልገባኝም። ደግሜ አልጠየቅኩም።

በሁለተኛው ወር ጤና ጣቢያ ስንሄድ ስኳራቸው በጣም ወጥቶ ተገኘ። መርፌውን በየቀኑ እየተወጉ ነው፤ በሥራ ቀን እኔ ራሴ እወጋቸዋለሁ። ነርሷ ጣፋጭ ይቀምሳሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አልቀምስም አሉ። የእኔ ሐሳብ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ካለው ቅል ላይ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ብቻቸውን ናቸው። ማር ወዳጅ ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቤት እስክንደርስ ፈረድኩባቸው። እንደገባን ማሩን እየቀመሱት ነው ወይ አልኳቸው።

ረዘም አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ የሰጠሁትን አልሰርቅም» አሉ።

ስኳር እንዲያው ከሜዳ ተነሥቶ አይወጣም አልኳቸው። በማግስቱ ቁልፍ ገዝቼ መጣሁና፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ቁም ሣጥኑን ቆለፍኩት። ቁልፉን ከቤት ቁልፌ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። ዐቢይ ጦምን ሰዓት ጠብቀው የሚጦሙ ሰው ናቸው፤ ጎተራቸው ለመጣ ለሄደው ክፍት ሆኖ የኖረ ሰው ናቸው። የሚቀጥለው ምርመራ ከፊተኛው ብሶ ሲገኝ ደግሞ፣ ለግቢው ሴቶች አባቴን ጣፋጭ ነገር እንዳያቀምሷቸው ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ መሞቁን ተዉት። እኔም ደግሞ ጥፋታቸው አሳፍሯቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት። ያን ሰሞን ያሰብኩትን ሁሉ አሁን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ነገሩ የተገለጠው አንድ እሑድ ነው። ቡሬ መምህሩ ቀርቶ በእኩለ ቀን ተመለስኩ። አባቴ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፍሪጁ ጸጥ ብሏል፤ በሩ ነፋስ እንዲገባው ገርበብ ተደርጓል። ሽቦው ከሶኬት ተነቅሎ፣ እንደ መጫኛ በደንብ ተጠቅልሎ አናቱ ላይ ተቀምጧል። ምን ሆኖ ነው አልኩ።

«ሰንበት አይደል?» አሉኝ። «ቅዳሜ ማታ ፈትቸ እለቀዋለሁ፤ እሑድ ማታ እጠምደዋለሁ። ይሞታል አላልሽኝም?»

መድኃኒቱስ አልኳቸው። ተነሥተው ፍሪዘሩን ከፈቱና በመሐረብ የተጠቀለለውን ብልቃጥ አሳዩኝ። ማሽኑ ሲያርፍ መድኃኒቱ እንዳይሞቅበት ውርጩ ያለበት ያስቀምጡታል። እሑድ ማታ ሲሰኩትም እዚያው ያድራል፤ ሰኞ በማለዳ፣ እኔ ሳልነሣ፣ ወደ ቦታው ያወርዱታል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንዳች የደበቀው ነገር እንዳለው ሰው አልነበሩም። የሚደበቅ ነገርም አልነበረም። ብጠይቃቸው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግሩኝ ነበር።

ሰኞ ብልቃጡን ይዘን ነርሷ ዘንድ ሄድን። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና ውስጡ የረጋውን አሳየችን። ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም፤ ውሃ እንደመወጋት ነው አለች። ፍሪዘር ውስጥ ማን አስገባው ብላ ጠየቀች። አባቴ አጠገቤ ቆመዋል። ያን ጊዜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሽን ያርፋል ብዬ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ ማለት ይገባኝ ነበር። ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። እኔ ግን ነርሷ ፊት አላዋቂ መስዬ መታየቱን ፈራሁ።

«ገበሬ ናቸው፤ አያውቁም» አልኩ።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ አላውቅም አሉ፤ ልጄ እንዳለችው ነው አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ አጨዳ መድረሱን፣ ወንድሜ ብቻውን መሆኑን አነሡና ልሂድ አሉኝ። መድኃኒቱስ ብዬ ላስቀራቸው ብሞክር፣ ለካስ ነርሷን ጠይቀው ኖሯል። ትንሽ ገንቦ ትልቅ ገንቦ ውስጥ አስቀምጠው፣ መካከሉን አሸዋ ሞልተው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጡ፣ መድኃኒቱን ትንሹ ገንቦ ውስጥ ይይዙታል። ፍሪጅ ሳይኖርም ይቻል ኖሯል። ጭራቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሰነባብተውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ማሩ የእኔ ነውና እኔ ዘንድ ቀረ።

በዚያ በጋ ወንድሜ ደውሎ የአባታችን ቀኝ ዓይን እየደበዘዘ መሆኑን ነገረኝ። ሐኪሙ ስኳር ነው የጎዳው ብሏል። በእነዚያ ወራት የተበላሸ መድኃኒት ነው ወይስ ከዚያ በፊት የጀመረ፣ ማንም እርግጡን ሊነግረኝ አልቻለም። ብዙ ሰው አንች ምን አደረግሽ ብሎ አጽናንቶኛል። ያጽናኑኝ ሁሉ ግን ስለ ቴሌቪዥኑ አያውቁም፤ ስለ ቁም ሣጥኑም አልነገርኳቸውም።

ለፋሲካ ቋሪት ሄድኩ። አባቴን ጓሮ፣ ገንቦው አጠገብ አገኘኋቸው፤ አሸዋውን በጣሳ ውሃ እያጠጡ ነበር። የገንቦውን ክዳን በንጹሕ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ የእኔን ፍሪጅ ይዘውት እንደነበረው አድርገው ይዘውታል። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሽን እንደ በሬ እንደማያርፍ፣ ያን ያልኩት ቴሌቪዥኑ እንዲዘጋልኝ እንደነበረ፣ ነርሷ ፊትም ስሜን ለማዳን ስማቸውን እንደሸጥኩ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው አነሡኝ። ፈገግ አሉ።

«ሰንበትንም ይሠራል በይኛ» አሉ። «ምስኪን።»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ፤ ይቅርም ብለውኛል። ጣሳውን እንደገና ሞልተው አሸዋው ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱ። ውሃው ሰርጎ እስኪያልቅ ጠበቁና በደህናው ዓይናቸው አዩኝ።

«ማሩስ? ጎድሎ አገኘሽው?» አሉ።

ከቆለፍኩበት ቀን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ቅሉን አንድ ጊዜ እንኳ አንሥቼ አላየሁትም ነበር። አላየሁትም አባባ አልኳቸው። እሺ አሉና ጣሳውን ደፍተው አስቀመጡት።

ፍኖተ ሰላም እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ቅሉ አቧራ ለብሷል። ጠፍሩ እንዳሰሩት ነው፤ ያንን አስተሳሰር ከእሳቸው በቀር እኔም ወንድሜም አንችልበትም፤ አንድ ጊዜ ቢፈታ ኖሮ ከጨርቁ ላይ ምልክቱ ይታይ ነበር። አቧራውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ። ወዲያ ማዶ ፍሪጁ እንደ ወትሮው ሥራውን ይሠራል፤ ጀርባው አቧራ መያዝ ጀምሮ ድምፁ ተመልሷል። ቁልፉን ከገዛሁበት ሱቅ እስከ ቤቴ ድረስ ያለው መንገድ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ቅሉን አንሥቶ አፉን ለማየት ግን ያን ያህል እንኳ አይፈጅም ነበር።