ሰላሳ ስምንት ቅርንጫፍ በአንድ ደቂቃ

በነፃ የሚሠራ ሰው ናይሮቢ ውስጥ አይታመንም። እኔም አላምነውም። ችግሩ፣ በነፃ የምሠራው እኔው ራሴ ነኝ።

ተማሪዎች ጽሑፍ ከመጀመራቸው በፊት ሐሳባቸውን የሚዘረጉበት ሶፍትዌር ነው የምሠራው። መሃል ላይ ርዕሱ ይጻፋል፣ ከርዕሱ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ፤ በመጨረሻ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ካርታው በየንዑስ ርዕሱ ተከፋፍሎ ሰነድ ይሆናል። ዋጋ የለውም። ኮዱም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው አይቶ፣ አርሞ ሊልክልኝ ይችላል። አንድ አስመራ ያደጉ አዛውንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይህን ሳስረዳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ "እሺ ልጄ፣ ለማን ነው የምትሰልዪው?" አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። በልቤ ግን፣ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው።

አንድ ቀን ስምም ፎቶም የሌለው ሰው የኮድ እርማት ላከልኝ። "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚያጋጥም ስህተት አለ፣ አስተካክዬዋለሁ" ይላል መግቢያው። ማነው ደግሞ ይሄ? ምን ያንቀለቅለዋል? የሰው ጓዳ ገብቶ ምን ሊወሽቅ ነው? ዝርዝሩን እንኳ ሳላነብ ዘጋሁት።

ካሳራኒ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር የምንኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እሷ እዚሁ ነው ያደገችው። የመመረቂያ ጽሑፏን በእኔ ሶፍትዌር ጻፈች፤ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ ሶኬቱ ሥር ተቀምጣ። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በስዋሂሊ "ስቲማ!"፣ መብራት! ብላ ስትጮህ እሰማታለሁ። በአጠገቧ ሳልፍ ደግሞ ስክሪኑን ጎንበስ ታደርገዋለች። ምን ትደብቃለች? አልኩ እንጂ አልጠየቅኋትም። የእኔ ዓይነት ተጠራጣሪ አይጠይቅም፣ ያጠራቅማል።

ጽሑፉን ካስረከበች በኋላ መምህሯ ጠርቶ "ይሄ ያንቺ ሥራ አይመስልም" አላት። እሷ እቴ፣ ቅንጣት አልደነገጠችም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተጻፈበትን ሰዓት እንደሚመዘግብ ታውቃለች።

"ሳዋ፣ እሺ፣ የሰዓቱ ታሪክ አለ አይደል?" አለችኝ። "አንቺ ነሽ የሠራሽው። መጥተሽ ክፈችለት፤ ስንት ቀን እንደለፋሁ ያያል።"

መምህሩ ቢሮ ገብተን ፋይሉን ከፈትኩ። ሰላሳ ስምንት ቅርንጫፍ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ። እንዲህ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ ነገር ነው። እህቴ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። "ይሄ ልክ አይደለም" አለች።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና ጠየቀኝ፦ "መዝገቡ ሊሳሳት ይችላል?"

ያ ጎንበስ ያለ ስክሪን ትዝ አለኝ። ደግሞም ኩራት አለ፤ የገዛ ሥራዬን በሰው ፊት ይሳሳታል ልበል?

"አይሳሳትም" አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ጽሑፏ ተሰረዘ። ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ በሌላ ርዕስ ከዜሮ ትጀምራለች። ስንመለስ ማታቱ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ክፍት ወንበር እያለ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም አሳፈረችኝ ብዬ ፊቴን አጥቁሬ ነበር።

በሳምንቱ የእኔ ላፕቶፕ ተበላሽቶ በእሷው ላይ ስሠራ፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ከፈትኩት። ሶፍትዌሩ አንድም ቅርንጫፍ ሳይጠፋ አትርፎልኛል። ተመስገን ብዬ ታሪኩን አየሁ። ጠዋቱን ሙሉ የለፋሁበት ካርታ በሙሉ፣ መብራቱ ከመጣ በኋላ በአንዲት ደቂቃ ተጻፈ ይላል። ክው አልኩ።

ያን የዘጋሁትን እርማት ፈልጌ አነበብኩት። "ፕሮግራሙ በድንገት ሲዘጋ የተረፉት ቅርንጫፎች ሁሉ አንድ ዓይነት የመጻፊያ ሰዓት ይሰጣቸዋል። እኛ ሰፈር መብራት ስለማይበረክት ነው ያየሁት፤ እኔም ተማሪ ነኝ" ይላል። ለካ ልጁ ከመነሻው ነግሮኝ ነበር።

በማግስቱ መምህሩ ዘንድ በረርኩ። ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ነቅዬ፣ እንደገና ሰክቼ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተመለከተኝ።

"ያኔ አይሳሳትም ብለውኝ ነበር" አለ። "አሁን ይሳሳታል ይሉኛል። ልጅቷ ደግሞ እህትዎ ናት። የቱን ልመን?"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ስክሪኑን ጎንበስ የምታደርገው ከአንድ ልጅ ጋር ስለምትጻጻፍ እንደነበር ነገረችኝ።

"ማሽኑ ይሳሳታል" አለች። "አንቺ ግን አንዴ፣ አንዴ እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

እርማቱን ተቀበልኩ፤ ለላከልኝ ለማላውቀው ተማሪም ይቅርታ ጻፍኩለት። እህቴ አዲሱን ጽሑፏን ጀምራለች። ሶፍትዌሬን አትነካውም። ደብተር ገዝታ፣ መሃል ላይ ክብ እየሳለች ቅርንጫፉን በእስክሪብቶ ታወጣለች። ኮቴዬን ስትሰማ ገጹን በመዳፏ ትከድነዋለች።