የጠዋቱ ጠብታ

ቀኝ ዓይኔን ጠዋት ጠዋት ጉም ይሸፍነዋል። ከእንቅልፌ ስነቃ መስኮቱ እንፋሎት ያረፈበት ይመስላል፤ ወደ ቀትር ግድም ቀስ እያለ ይጠራል። ሲጀምረኝ የሐምሌ ደመና ነው ብዬ ነበር። የናይሮቢ ሐምሌ ብርድ እንጂ ፀሐይ አያውቅም። ነሐሴ አልፎ መስከረም ጠባ፣ ሰማዩም ተከፈተ፤ የእኔ ጉም ግን አልተነሣም። የማታቱን፣ የሚኒባስ ታክሲውን፣ ቁጥር ሰው ጠይቄ መሳፈር ጀመርኩ። «ሾሾ፣ ይቺ ናት» ይሉኛል፤ አያት ማለታቸው ነው።

ኪሊማኒ ሰፈር ከልጄ ጋር ነበር የምኖረው። እሷ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እኔ ኢስትሊ ሰፈር ላሉ የሐበሻ ሱቆች የአገር ልብስ እጠልፍ ነበር። ግላኮማው የተገኘብኝ ለጥልፍ የሚሆን መነጽር ልለካ በሄድኩበት ነው። በሁለቱም ዓይኖቼ ውስጥ ውኃው የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ጨምሯል፣ ካልታከምኩ ብርሃኔን ከዳር እየቆረጠ ይወስደዋል አሉኝ። ሕክምናው በሌዘር ጨረር በዓይኔ ጥቁር ክብ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ መክፈት ነበር፤ ውኃው በዚያ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ቀኙ፣ ከወራት በኋላ ግራው ይሠራል ተባለ።

አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ ብልጭ ብልጭ አለ፤ አለቀ። ሁለት ጠብታ ሰጥተው ሸኙኝ። አንዱ ብግነቱን የሚያበርድ፣ በቀን አራት ጊዜ። ሌላው ለግፊቱ፣ ጠዋትና ማታ። በዚያው ሳምንት ዐቢይ ጾም ገባ።

የዓይን ጠብታ ዓይን ውስጥ አይቀርም። ትንሽ ቆይቶ በአፍንጫ በኩል ወደ ጉሮሮ ይወርድና ይመራል። እኔ ዐቢይ ጾምን ከወጣትነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳልቀምስ ነው የምውለው። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጠብታውን ካደረግኩ በኋላ ምሬቱ ምላሴ ላይ ሲደርስ መሐረብ ላይ ተፋሁት። በማግስቱ ጠርሙሱን አልከፈትኩም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረግኩ፣ ማታም አደረግኩ። የጠዋቱና የቀትሩ ቀረ። እስከ ፋሲካ እንዲሁ ዘለቅሁ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም፤ መጠየቁ ማመካኛ መፈለግ መሰለኝ። ለልጄም አልነገርኳትም።

ጉሙ አልነሣ ሲል ጥቅምት ላይ ከልጄ ጋር ሌዘሩን ወደ ሠራችልኝ ሐኪም ተመለስን። ትውልዷ ከህንድ የሆነ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ብዙ ቆይታ አየችኝ። ኮርኒያ የሚሉት፣ የዓይን የፊት መስታወት፣ አብጧል አለች። ከመስታወቱ ጀርባ ውኃ እየመጠጡ የሚያስወጡ ሕዋሳት አሉ፤ የሞቱት አይተኩም። ተኝተን ዓይናችን ተከድኖ ሲያድር ውኃው ይጠራቀማል፤ ጉሙ ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ሌዘሩ ራሱ እነዚያን ሕዋሳት ይጎዳል፤ ወይም ከሌዘሩ በኋላ ብግነቱና ግፊቱ ሳይበርድ ሲቆይ ይጎዳሉ። ይህን ካለች በኋላ ጠብታዎቹን በሥርዓቱ አድርጌ እንደሆነ ጠየቀች።

ጥያቄው ለእኔ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። ልጄ ግን ቀደመችኝ።

«እናቴ ከጾም አንድ ቀን አታጎድልም፤ ጠብታ ታጎድላለች ብለሽ ነው?»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ጻፈች። እኔ የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁ።

እንግዲያው ምክንያቱ ሌዘሩ ሳይሆን አይቀርም አለች። የግራውም ዓይን ሕዋሳት እንደዚሁ ደካማ ከሆኑ ያስፈራል፤ ስለዚህ አንነካውም፣ በጠብታ እንጠብቀዋለን። ስንመለስ ልጄ መንገዱን ሙሉ ሐኪሟን ስታማ መጣች። ተይው አልኳት። ትዕግሥቴን አደነቀች።

በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ጠብታውን ጠዋትም አደረግኩ። ምሬቱን ዋጥኩት። ጾሜን እንደሻርኩ ስለቆጠርኩት ግን በዚያ ዓመት አልቆረብኩም። ጥልፉንም በግራ ዓይኔ ብቻ እየሠራሁ ነበር፤ አንዳንዴ ጥለቱ ይዘምብኛል።

ከፋሲካ በኋላ ለምርመራ ስንሄድ የግራው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ጠብታው አልያዘውም። ከዳር በኩል የማየው ጠቧል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌዘር ካልተሠራ ዓይኑ ይጠፋል፤ ከተሠራ ደግሞ እንደ ቀኙ እንዳይሆን ትፈራለች። ልጄን ምን ይሻላል ብላ ጠየቀቻት። ልጄ አይሆንም፣ አንድ ዓይን አጥፍታችሁ ሁለተኛውን አልሰጣችሁም አለች።

«ጠብታውን ጠዋት ጠዋት አላደረግኩም» አልኩ። «ያኔ፣ በቀኙ ጊዜ። ጾም ነበር።»

ልጄ በአማርኛ «አስዋሸሽኝ እኮ፣ እማዬ» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ቀኙን የጎዳው ሌዘሩ ይሁን የጠብታው መቅረት ወይም ሁለቱም፣ አሁን ማወቅ አይቻልም አለች። ይህን ቀድማ ብታውቅ ግን ግራውን ይህን ያህል ጊዜ አታቆየውም ነበር። ሕዋሳቱን በመሣሪያ አይታ፣ የጨረሩን ኃይል ቀንሳ ልትሠራው ተስማማን። ከዚያ የዓይን መድኃኒት ከጾም ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቀችኝ። ስለ ምሬቱ ነገርኳት። ተነሥታ መጣችና በአፍንጫዬና በዓይኔ መገናኛ ላይ ጣቷን አኖረች።

«ጠብ ካደረጉ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው እዚህ ጋ ሁለት ደቂቃ ይጫኑ። ወደ ጉሮሮ እምብዛም አይወርድም።»

እዚያው ሞከርኩት። ምሬቱ አልመጣም።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። «ልጄ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ በገዛ እጄ ጠብ ባደረግኩልሽ» አሉኝ። ሌላ ቀኖና አልሰጡኝም።

ግራው ተሠራ፤ መስታወቱም አልደፈረሰም። እስኪሠራ ድረስ የጠፋው የዳር እይታዬ ግን አልተመለሰም። ቀኙም ከነጉሙ ነው። የመርፌ ሳጥኔን ኢስትሊ ለምትጠልፍ ሴት ሰጠኋት።

አሁን ጠዋት ጠብ አድርጌ ጣቴን ተጭኜ እቀመጣለሁ። ልጄ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጠገቤ ቆማ ሁለቱን ደቂቃ በሰዓቷ ትጠብቃለች። አትናገርም እንጂ ከዚያ ወዲህ አታምነኝም። በግራዬ በኩል ከቆመች አንገቴን ካላዞርኩ አላያትም።